ጭቃው ስንት ቀን ቦካ?

ከኦርሁስ ወጣ ብሎ፣ ከባሕሩ ሳይርቅ፣
ሃያ ስድስት ቤት አለ፣ ሣር ጣሪያው ላይ የሚጸድቅ።
ግድግዳው የስንዴ ጭድ፣ ልስኑ ቀይ አፈር፣
መስኮቱ ሦስት መስታወት፣ ብርዱን የሚያሳፍር።
አንድ የሣር ማጨጃ፣ አንድ ረጅም መሰላል፣
ማን እንደ ወሰደው ሰሌዳው ይናገራል።
ልብስ በዝናብ ውኃ በተራ ይታጠባል፤
የኔ ተራ ማክሰኞ፤ ማክሰኞ ግን ይዘንባል።
ሽንት ቤቱም ቢሆን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣
ለፖም ዛፉ ይተርፋል፣ ዓመት ይቆይና።

ሐሙስ የማብሰል ተራ ከቶርኪል ጋር ደረሰኝ፤
ሰማንያ ዓመቱ ነው፣ ሽንኩርት አላስነካኝ።
«አንቺ ድንች ላጪ» አለ፣ «እኔ አለቅሳለሁ፤
ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በሽንኩርት አሳብባለሁ።»

ባንክ ሄጄ ስፈርም የሠላሳ ዓመት ዕዳ፣
ስለምን መሰላችሁ? ለጭቃ ግድግዳ።
አባቴ ሞላሌ፣ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ፣
አርባ ዓመት ቆጠበ ሳንቲሙን ቋጥሮ፣
ከጭቃ ሊወጣ፣ ብሎኬት ሊደረድር፤
«ተገላገልን» አለኝ፣ ያለቀ ዕለት በስልክ ሲናገር።
እኔስ ምን ልበለው የኔን ሲጠይቀኝ?
«ዘመናዊ ነው» አልኩት፤ ውሸት አልመሰለኝ።

ኋላ በመስከረም የአዳራሹ ልስን
ተሰንጥቆ አገኘን፤ ጣት ሰደድን፣ ገባልን።
ቤንተ መሐንዲሷ እርጥበቱን ለካች፣
ወረቀት አባዛች፣ ስብሰባ ጠራች።
እዚህ የድምፅ ብልጫ የለም፤ ሁሉም «እሺ» ይላል፤
አንድ ሰው ቅር ካለው ሌሊቱ ይነጋል።
«በሲሚንቶ ይለሰን» አለ አንዱ በቀስታ፤
መቅደስ ውስጥ የተሳደበ ያህል ወረደ ጸጥታ።

ሦስት ሐሙስ ተቀመጥን፤ ስንጥቁ ብቻ ሰፋ።
ለአባቴ ደወልኩለት፣ እፍረቴን ልተፋ።

«ቤቴ ጭቃ ነው» አልኩት።
ዝም አለ።
ወፍጮው ከሩቅ ተሰማኝ፣ ወይም የመስመሩ ጉርምርምታ።
አልሳቀም። አልተቆጣም።
«ጭዱ የምን ነው?»
«የስንዴ።»
«አይ፣ የጤፍ ቢሆን። እሺ፣ ጭቃው ስንት ቀን ቦካ?»
«ቦካ?»
«ቦካ ነው የምልሽ! በማግስቱ ነው የለሰናችሁት?
ታዲያ እንዴት አይሰነጠቅ?
ሦስት ሳምንት ይተኛ። ይሽተት። ካልሸተተ አይዝም።
በማሽንም አይደለም፤ በእግር ነው።»

ለስብሰባው ነገርኩ። ቤንተ ጻፈች፦ «ሦስት ሳምንት፣ ሽታ።»
«ምንጩ?» አለች። «አባቴ።» ጻፈችው፣ ሳታመነታ።

በጥቅምት ጉድጓዱን ከፈትነው፤ ሸተተ።
የገበሬው ውሻ እያነጠሰ ወደ ባሕሩ ጎተተ
ጌታውን።
ከዚያ ሱሪ ተጠቀለለ፤ ጠበቃው፣ ነርሷ፣ ሕፃኑ፣
እየረገጡ፣ እየረገጡ፣ እየሳቁ መሸ ቀኑ።
ቶርኪል ወንበር ይዞ መጣ፣ እግሩን ብቻ ነከረ፤
«ዛሬ ሽንኩርት አላሻኝም» አለና አቀረቀረ።

ልስኑ ያዘ። አንዲት ጥግ ብቻ
ፀጉር የመሰለች መስመር አለች፤
ቤንተ ሰኞ ሰኞ ትለካታለች።
ባሕሩ ሲቆጣ፣ ነፋሱ ሲያፏጭ በገና፣
ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ እቀመጣለሁና
አባቴ ይደውላል። ስለ ጭቃው ነው የሚጠይቀኝ፣
ስለኔ ከጠየቀኝ ሰነባበተ፤ ደግሞም አልከፋኝ።

ትናንት ግን «ብድሩ ስንት ነው?» አለ።
ነገርኩት።
ሳቀ። ሳቀ። እስኪስል ሳቀ።
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማው ይመስል፦
«ልጄ፣ ያፈረስኩት ጭቃ
አሁንም ጓሮ ተከምሯል።
ልላክልሽ?»